ጎተራውን ማን ሠራው?

አንድን ነገር «ጥንታዊ» ስንል የምንቆጥረው የማንን ዕድሜ ነው? የእንጨቱን? የቅርጹን? ወይስ እጅ በእጅ ሲቀባበሉት የኖሩትን ሰዎች? ለቡና ላይ ወሬ የሚሆን ጥያቄ ይመስላል። በእኛ ቤተሰብ ግን ዘንድሮ ሰው ከሰው ያኳረፈ ጥያቄ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቦንጋ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኘው የአጎቴ ግቢ ውስጥ አንድ የእንጨት ጎተራ አለ። ከመሬት ከፍ ብሎ በስድስት ወፋፍራም እግሮች ላይ ቆሟል። ግድግዳው ተፈልጦ ጎን ለጎን የተደረደረ እንጨት ነው፤ እንጨቱን ያሰረው ሐረግ እንጂ ምስማር አይደለም። ክዳኑ ሳር ነው። ቅድመ አያታችን ሠራው ይባላል፤ ከሱ ወደ አያታችን፣ ከአያታችን ወደ አጎቴ ተላልፏል። አጎቴ አሁን አፍርሶት በቦታው የቆርቆሮ መጋዘን ሊያቆም ፈልጓል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አየር የማያስገባው ከረጢት ከመጣ ወዲህ በቆሎው ቤት ውስጥ ተቀምጦም ከነቀዝ ይተርፋል፤ ጎተራው ግን በየጥቂት ዓመቱ ሳር ይፈልጋል፣ ሐረግ ይፈልጋል፣ ከሁሉ በላይ ሰው ይፈልጋል። ከተማ ያለነው የልጅ ልጆች ይህን ስንሰማ «እንዴት ተደርጎ!» አልን። በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ፎቶው ተለጠፈ፣ ልብ ዘነበበት፣ «ቅርሳችን» የሚለው ቃል ተደጋገመ። አጎቴ በድምፅ መልእክት የላከልን መልስ አጭር ነበር፦ «ልጆች፣ ፎቶ እህል አይዝም።»

እኔ ሶፍትዌር ገንቢ ነኝ። የተማርኩት ምህንድስና ነው፤ እንጀራዬ ደግሞ በአብዛኛው ሌሎች ከዓመታት በፊት የጻፉትን ኮድ መጠገን ነው። አሮጌ ሲስተም ሲሰጠኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ከመጀመሪያው ምን ቀርቷል? ምንስ ተቀይሯል?» የሚለውን ነው። አጎቴንም ደውዬ ይህንኑ ጠየቅኩት። እየሳቀ ቆጠረልኝ። የሳሩ ክዳን ስንት ጊዜ እንደተቀየረ የሚያውቅ የለም። ግድግዳው በአያቴ ጊዜ አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ፣ በሱ ጊዜ ደግሞ ግማሹ ታድሷል። እግሮቹን ምስጥ እየበላቸው አንድ በአንድ ተተክተዋል። ከመጀመሪያው የቀረው አንድ የወይራ እግር ብቻ ነው። «እሱም ቢሆን ከሥሩ በድንጋይ ደግፌው ነው» አለኝ።

ታዲያ የአራት ትውልድ ጎተራ የምንለው የቱን ነው?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ግሪካዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ፣ አቴናውያን የጀግናቸውን የቴሴየስን መርከብ የበሰበሰውን ሳንቃ እያነሱ በአዲስ እየተኩ ለብዙ ዘመን እንዳቆዩት ጽፏል። ፈላስፎቹ በነገሩ ለሁለት ተከፈሉ፦ ግማሹ «ያው መርከብ ነው» አለ፣ ግማሹ «የለም፣ ሌላ ነው» አለ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። በኔ ሙያ ግን ሰው ብዙም እንቅልፍ አያጣበትም። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የለቀቀው ሊኑክስ ዛሬ በአንድሮይድ በኩል የብዙዎቻችን ኪስ ውስጥ አለ። የመጀመሪያው ኮድ በኋላ በተጨመሩት በሚሊዮን በሚቆጠሩ መስመሮች ተውጧል፤ ያም ሆኖ ሊኑክስ ሊኑክስ ነው። አንዱን ከሌላው የሚያስተሳስረው መዝገቡ ነው። እያንዳንዱ ለውጥ ማን እንዳደረገው፣ መቼና ለምን እንዳደረገው ተጽፎ ከበፊቱ ጋር ይያያዛል። ይህን መዝገብ የሚለውን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ወደ አገራችን ስንመጣ የዶርዜን ቤት እናገኛለን። በቀርከሃ ተጠልፎ በእንሰት ሽፋን የሚለበሰው ይህ ረጅም ቤት ምስጥ ከሥሩ ይበላዋል። የተበላው ክፍል ይቆረጥና ቤቱ ትንሽ ያጥራል። እንደገና ይበላል፤ እንደገና ያጥራል። ካስፈለገም ሰው ተሰብስቦ ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። በዚህ ሁኔታ ለአሥርት ዓመታት ይኖራል። ዶርዜ መንደር ውስጥ ሽማግሌውን ቤት ለማወቅ አጭሩን መፈለግ ነው።

በጃፓን ያለው የኢሴ መቅደስ ደግሞ በየሃያ ዓመቱ ከጎኑ ባለው ባዶ ቦታ ላይ እንደ አዲስ ይሠራል። የመጨረሻው፣ ማለትም 62ኛው፣ የተከናወነው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። እንጨቱ ሁሌም አዲስ ነው፤ ሥርዓቱ ግን ከሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሃያ ዓመት የሰው ልክ ነው። በሃያ ዓመቱ እንጨት አቀባይ የነበረ ልጅ በአርባው ዋና አናጺ ሆኖ ይደግመዋል፤ በስልሳው ደግሞ ቁጭ ብሎ ያርማል። መቅደሱን ያቆየው እንጨቱ ሳይሆን እንጨቱን የያዘው እጅ ነው።

የሳር ቤት ያደገ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያውቃል። እሳት የማይነድበት የሳር ቤት ቶሎ ይበሰብሳል። ከምድጃው የሚወጣው ጭስ ሳሩን ያደርቀዋል፣ ተባይ ያርቅለታል፣ ወራጁንና ማገሩን አጥቁሮ ያጠነክረዋል። ሰው ሲለቀው ዝናቡ ይገባል፣ ሻጋታው ይከተላል፣ ጣራው ይጎብጣል። ይህን ሳስብ ማንም የማያስኬደው ኮድ ትዝ ይለኛል። ማንም አልነካውም፤ ግን ከዓመታት በኋላ ሲከፈት አይሠራም፤ በዙሪያው ያለው ዓለም ተለውጦበታል። ጎተራም እንደዚያው ነው። እህል ካልገባበት፣ መሰላሉ ካልተረገጠ፣ ሐረጉ ሲላላ ዓይቶ የሚያጠብቅ ከሌለ፣ «ጠበቅነው» ብንልም እየፈረሰ ነው። ቦንጋ ከተማ ውስጥ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም አለን፤ ለቡና ክብር የተሠራ ትልቅ ሕንጻ ነው። ቡናውን በሕይወት ያቆየው ግን ጫካው ውስጥ እየገባ የሚለቅመው ሰው ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው መደምደሚያዬ ይኸው፦ ትውልድ የተሻገረ ነገር ሁሉ የተሻገረው እየተቀየረ ነው። «ሳይለወጥ የኖረ» የምንለው ነገር በየዘመኑ የሆነ ሰው ተነስቶ፣ ይሄ ይቀየር፣ ያ ይቆይ ብሎ የወሰነበት ነገር ነው። ውርስ አንዴ የሚሰጥና የሚቀበሉት ዕቃ ይመስለናል። ከቅርብ ሲታይ ግን በየጥቂት ዓመቱ የሚደገም ውሳኔ ነው።

ውሳኔ ካለ ደግሞ ወሳኝ አለ። ዋጋ ከፋይም አለ። አጎቴ የተናደደው እዚህ ላይ ነው።

እስቲ የጎተራውን ዋጋ እንቁጠር። የክዳን ሳር እንደ ድሮው በየሜዳው አይታጨድም፤ የግጦሽ መሬቱ እየታረሰ፣ ባሕር ዛፍ እየተተከለበት ጠቧል። ሐረግ ለመቁረጥ ጫካ መግባት ያስፈልጋል። አንድ እግር ምስጥ ቢበላው በምን ይተካል? ወይራ ወይም ሌላ ጠንካራ የደን ዛፍ ቆርጦ መምጣት እንደ አያቴ ዘመን አይደለም። የካፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል፤ ስፋቱ ወደ 760,000 ሄክታር ይጠጋል፤ ሰው ያልተከለው የዱር አራቢካ ቡና የሚበቅልበት ጫካም እዚያው ውስጥ ነው። ዓለም «ጠብቁት» የሚለን በትክክለኛ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከተማ ያለነው ሰዎች አጎቴን በአንድ አፍ «ደኑን አትንካ»፣ በሌላ አፍ «ጎተራውን እንደ ጥንቱ አድስ» እያልነው ነው። ሁለቱንም የምንለው ስልካችን ላይ ሆነን ነው።

ይህ ዓይነቱ ነገር በኔም ሰፈር አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ሎግ ፎር ጄ በሚባል ትንሽ የሶፍትዌር ክፍል ላይ አደገኛ ክፍተት ተገኘ። ባንኮች፣ መንግሥታት፣ ግዙፍ ኩባንያዎች ሳይቀሩ ሲስተማቸው ውስጥ ነበራቸው። ዓለም በድንጋጤ ሲተራመስ ለብዙው ሰው አዲስ የሆነበት ነገር፣ ያን ክፍል የሚጠግኑት ከሥራ ሰዓታቸው ውጪ በፈቃደኝነት የሚሠሩ ጥቂት ሰዎች መሆናቸው ነበር። ተጠቃሚው ዓለም፣ ተሸካሚው ጥቂት ሰው። ክፍተቱ ሲገኝ ግን የስድቡ መልእክት ቀድሞ የደረሰው ለነሱ ነው።

የካፋ ገበሬም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በካፋ ደን ውስጥ ኮቦ የሚባል የቆየ የይዞታ ልማድ አለ። ለመንገደኛ ደኑ ዳር እስከ ዳር አንድ ጫካ ነው። ለአካባቢው ሰው ግን ድንበር አለው፤ ይህ የእገሌ ኮቦ ነው፣ ከወንዙ ወዲያ ያለው የእገሌ። ባለ ኮቦው ቀፎ ይሰቅላል፣ የጫካ ቡና ይለቅማል፣ መብቱም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ቀፎ የሚሰቀልበት ዛፍ ማር የሚሰጥ ዛፍ ስለሆነ ባለቤቱ በቀላሉ አይቆርጠውም፤ የገተማና የብሳና አበባ ሲያብብ ንቡን የሚቀልበው ያ ዛፍ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ኮቦ በወረቀት ላይ ቦታ አልነበረውም። በሰዉ ልብ ውስጥ ግን አልፈረሰም። በኋላም በ1990ዎቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ቦንጋ አካባቢ አሳታፊ የደን አስተዳደር ሲጀመር፣ ደን የሚጠብቀው አጥር ሳይሆን በደኑ የሚጠቀም ሰው ነው የሚለው ሐሳብ ተመልሶ መጣ። ካፋ ይህን ቀድሞውንም ያውቅ ነበር። መብትና ግዴታ በአንድ ገመድ ሲታሰሩ ነገር ይቆያል። የሚጠቀመው ሌላ፣ የሚሸከመው ሌላ ሲሆን ይፈርሳል።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ነበር። ለአጎቴ ፈርጄ፣ ከተሜውን ወቅሼ፣ ጽሑፌን እዚህ ላይ ብዘጋው የሚከፋ ሰው አይኖርም። ግን ከላይ ያቆየነው መዝገብ አለ።

በጊት መዝገብ ውስጥ ከእያንዳንዱ ለውጥ ፊት የጸሐፊው ስም ይቀመጣል። የጎተራችንን መዝገብ ልሞክር ብዬ ለአክስቴ ደወልኩ። ከቤተሰቡ በዕድሜ ትልቋ እሷ ናት። «ጎተራውን ማን ሠራው?» አልኳት።

«ቅድመ አያትህ ነዋ።»

«ብቻቸውን?»

ሳቀች። «ብቻውን ጎተራ የሚሠራ ሰው አለ እንዴ? እንጨቱን የመረጠው አንድ ማንጆ ሽማግሌ ነበር አሉ። የቱን እንጨት ምስጥ እንደማይደፍረው የሚያውቅ እሱ ነበር። የቆረጠውም፣ ያመጣውም እሱና ልጆቹ ናቸው።»

«ስሙ ማን ይባል ነበር?»

«ኧረ ማን ያውቃል ብለህ ነው፣ የኔ ጌታ።» ትንሽ ዝም ብላ ጨመረች፦ «እህሉ ሲገባ ታዲያ ከታች ነው የሚቆም። መሰላሉን አይወጣም ነበር።»

ካፋን ለማያውቅ አንባቢ ልግለጽ። በካፋ ማኅበረሰብ ውስጥ ማንጆ የሚባሉ ወገኖች አሉ። በቀድሞው ዘመን ኑሯቸው በአደን፣ በጫካ ማር፣ በማገዶና በከሰል ላይ የተመሠረተ ነበር። በካፋ ነገሥታት ዘመን የመንግሥቱን በሮች ከሚጠብቁት ውስጥ እነሱ ነበሩበት። የአገሩን በር የሚጠብቅ ሰው ግን የጎረቤቱን በር አያልፍም። ማዕድ አብሮ አይቆርስም፤ ምግብ ቢሰጠው በቅጠል ነው፤ ጋብቻ የማይታሰብ ነው። ይህ በጥንት መንገደኞች ማስታወሻ ላይ ብቻ የቀረ ታሪክ ቢሆን ደስ ባለኝ። በእኛው ዘመን ተመራማሪዎች የመዘገቡት ነው፤ እየቀነሰ መጣ እንጂ አልጠፋም። የመሬት አዋጁ ብዙ ማንጆዎችን ባለ መሬት አደረገ፣ ትምህርት ቤቱ ልጆቹን አንድ ወንበር ላይ አስቀመጠ። የእኛው ቤተሰብ ሰርግ ሲደግስ ግን ማን የት እንደሚቀመጥ ሳይነገረው የሚያውቅ እንግዳ ዛሬም አለ።

በአማርኛ አዲስ ቤት የሚገባ ሰው «ቤት ለእንቦሳ!» ይላል፣ ባለቤቱ «እንቦሳ እሰሩ!» ብሎ ይመልሳል። ቤት በእንግዳ ምርቃት ይከፈታል። ጎተራችንን ያቆመው ሰው ለምርቃት አልተጠራም። ስሙም አልተያዘም።

ቤተሰባችን የሚያስታውሰው ሌላ በደል አለ፤ እሱን በደንብ ነው የሚያስታውሰው። የመጨረሻው የካፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ እ.ኤ.አ. በ1897 ከተያዘ በኋላ አካባቢው በገባር ሥርዓት ሥር ወደቀ። ገባሩ ለተመደበበት ሰው እህል ይሰፍራል፣ ይፈጫል፣ ቤትና አጥር ይሠራል፣ ሸክም ይሸከማል። ቅድመ አያቴ ገባር ነበር። ጎተራው የኛ ነበር፤ ውስጡ የነበረው እህል ግን ሁሉ የኛ አልነበረም። ይህን ታሪክ በልጅነቴ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ ተረኩ ውስጥ እኛ ሁልጊዜ ተበዳይ ነን። ተበዳይ መሆናችንም እውነት ነው። ግን የተበደለ ሰው በዚያው ጎተራ ሥር ሌላውን ከመሰላል በታች ሊያቆም ይችላል። ሁለቱ በአንድ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ቀን ተፈጽመዋል። አንዱን እየነገርን፣ ሌላውን ዝም አልን።

አሁን ወደ መጀመሪያው መደምደሚያዬ ልመልሳችሁ። ውርስ የሚደገም ውሳኔ ከሆነ፣ የቀየርነው ብቻ ሳይሆን ያልቀየርነውም የኛ ውሳኔ ነው። ሳሩን ቀየርን። ግድግዳውን ቀየርን። ከስድስት እግር አምስቱን ቀየርን። መሰላሉ ራሱ ስንት ጊዜ ተሠርቷል? መሰላሉን ማን ይወጣል የሚለው ደንብ ግን ከአራት ትውልድ ሦስቱን ምንም ሳይነካው አልፏል። ከጎተራው አካል ሁሉ ሳይበሰብስ የቆየው እሱ ነው። ምስጥ አልበላውም፤ እኛም አልነቀልነውም።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ስነግረው ተቃወመኝ። «በዛሬ ዓይን የድሮ ሰው ላይ መፍረድ ተገቢ አይደለም» አለ። ክርክሩ ክብደት አለው። ቅድመ አያቴ የተወለደበትን ዓለም እሱ አልመረጠውም፤ እኔ በሱ ቦታ ብሆን ሌላ ሰው እሆን ነበር ብዬ አልፎክርም። ግን እኔ እየጠየቅኩ ያለሁት ስለ ሙታን ጥፋት አይደለም። የጥፋትና የዕዳ ልዩነት አለ። «የአባት ዕዳ ለልጅ» ይላል የኛ ሰው። ተረቱ ልጁን ጥፋተኛ አላለውም፤ ባለዕዳ አለው። አባትህ የተበደረውን አንተ አልበላኸውም፤ ቤቱን ከወረስክ ግን አበዳሪው በር ሲያንኳኳ «እኔ አልነበርኩም» ማለት አትችልም። ውርስን ሙሉ ወርሶ ዕዳን ለይቶ መተው የሚባል ነገር የለም። በቴሌግራም ግሩፑ «ቅርሳችን» ስንል «-ችን» የምትለዋ ፊደል ይህንን ሁሉ ይዛ ነው የምትመጣው።

ሌላም ተቃውሞ አለ፤ ይኸኛው ከተቃራኒው ወገን ነው። «እንዲህ ያለ ታሪክ ከተሸከመ ይፍረስዋ! ምን ያደርጋል?» የሚል። ይህን ያለችው ከኛው ቤት አንዷ ታናሽ ናት፤ ንዴቷ ገብቶኛል። ግን ጎተራውን ብናፈርስ የሚጠፋው ምንድን ነው? የሽማግሌው እጅ ሥራ ነው። በምድር ላይ የቀረለት ምስክር ያ አንድ የወይራ እግር ሊሆን ይችላል። ደንቡ ደግሞ እንጨት ውስጥ አልነበረም፤ አይፈርስም። ከጎተራው ወርዶ የቆርቆሮው መጋዘን በር ላይ ይቆማል። በኮድ ሥራም ይህ ይታያል። አሮጌውን ሲስተም ጥለው ከዜሮ በአዲስ ቋንቋ የጻፉት ቡድኖች ያንኑ የተሳሳተ ደንብ በንጹሕ ኮድ መልሰው ይጽፉታል፤ ደንቡ በጭንቅላታቸው ስለነበረ።

ታዲያ ምን ይደረግ? በቤተሰቡ ፊት ያቀረብኩት ሐሳብ ሦስት ነገር አለው፤ እዚህም አስቀምጠዋለሁ።

አንደኛ፣ ጎተራው ይፍረስ ወይስ ይቁም የሚለውን የሚወስነው አጎቴ ነው። እኛ ድምፅ እንዲኖረን ከፈለግን ድምፃችንን በልብ ምልክት ሳይሆን በገንዘብና በጉልበት እንግዛው። የሳር ክዳን ተራ ሲደርስ ከከተማ ወርዶ የሚያቀብል፣ ካልቻለ ደግሞ የሠራተኛ ሒሳብ የሚከፍል ሰው ስለ ቅርስ ይናገር። ይህን የማያደርግ «አየ ጉድ፣ ፈረሰ» ብሎ የማልቀስ መብቱ የተጠበቀ ነው፤ «አታፍርስ» የማለት ግን የለውም።

ሁለተኛ፣ ቢቆም እንኳ ጥንት እንደነበረው ካልሆነ ብለን አናስጨንቀው። ሳር ከጠፋ ቆርቆሮ ይልበስ። የሚተካው እግር ከጫካው የሚቆረጥ ወይራ ሳይሆን በግቢው ከተተከለ ዛፍ ይሁን። አያቴ ግድግዳውን ሲቀይር ማንንም አላስፈቀደም፤ አጎቴ ለምን ያስፈቅዳል? ደኑን አራቁቶ የሚቆም የደን ጎተራ ቅርስ አይሆንም።

ሦስተኛው ነው ጸጥታ ያመጣው። የማንጆ ጎረቤቶቻችን ሽማግሌዎች አሁንም አሉ። ሄደን እንጠይቅ፦ ያን ጊዜ ለእኛ ቤት እንጨት የመረጠው ሰው ማን ነበር? የማን አባት፣ የማን አያት ነው? የቱን እንጨት በየትኛው ወር እንደሚቆረጥ ያወቀው ዕውቀትስ ዛሬ ማን ዘንድ ነው? ስሙ ከተገኘ ይጻፍ፤ ከቅድመ አያቴ ስም በፊት ይጻፍ። ዕውቀቱ ያለው ሰው ከተገኘ እንደ ባለሙያ ተጠርቶ፣ እንደ ባለሙያ ተከፍሎት ያስተምረን። ከዚያም አብረን እንብላ፤ በአንድ ሳህን፣ ቤት ውስጥ፣ ከደፉ ወዲህ።

በግሩፑ ውስጥ ለሁለት ቀን ያህል ማንም አልጻፈም። ከዚያ አንዱ ዘመዴ «ይሄን አሁን ማንሳት ለምን አስፈለገ? ስለ ጎተራ አይደል የምናወራው?» አለ። አዎ፣ ስለ ጎተራ ነው። የጎተራው ዕድሜ እንዲቆጠር የጠየቅነው እኛው ነን። ዕድሜ ሲቆጠር ደግሞ የሠራው ሰው ይመጣል።

አጎቴ ገና አልወሰነም። በመጨረሻው ስልካችን ላይ ግን አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ ከላይ የጻፍኩት ሁሉ ከዚያ ጥያቄ የሚከብድ አይመስለኝም። «እሺ፣ ሽማግሌዎቹን እጠራለሁ እንበል። ይመጣሉ ብለህ ነው?» መልሱን አላውቅም። አራት ትውልድ ከታች የቆመን ሰው «ና፣ ውጣ» ማለት ለጠሪው ይቀላል። ተጠሪው ግን እምቢ የማለት ሙሉ መብት አለው፤ ይህ መብት በታሪካችን ውስጥ የመጀመሪያው ይሆንለታል። የኛ ድርሻ ግብዣው ነው፣ ስሙን መጠየቁ ነው፣ መልሱን ችሎ መስማቱ ነው።

አያት ያወረሷችሁ የቆየ ነገር ካለ፣ ቤትም ይሁን እርሻ፣ ዕድርም ይሁን የሙያ ደንብ፣ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ከመቁጠራችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ሸክሙን አሁን ማን ተሸክሞታል? መሰላሉንስ ማን አልወጣም?